ራሱን የሚያስረዳ ሰንጢ

ሂስ የሚጻፍለት ነገር መጽሐፍ፣ ቴአትር፣ ሥዕል ወይም ዜማ ብቻ ነው የሚል ልማድ አለን። ሰው በየዕለቱ በኪሱ ይዞት የሚዞረው ዕቃ ግን ከመጽሐፍ ይበልጥ ከገላው ጋር የሚኖር ሆኖ ሳለ መርማሪ የለውም። እኔ ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ስለ ሰንጢ ነው፤ ታጥፎ ኪስ ስለሚገባው ትንሽ ቢላዋ። ጥያቄውም ቀላል ይመስላል፦ ከሰንጢዎች ሁሉ ለዘወትር የሚያዘው የትኛው ነው? እኔ መልሱን ስፈልግ የቆየሁት በካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ካፉሪ ሰፈር በኖርሁባቸው ዓመታት ነው። ሌላ አገር ኖሬ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በአማርኛ «ሰንጢ» ሲባል በብዙዎቻችን ሕሊና የሚመጣው ሽንኩርት ወይም ብርቱካን አይደለም። የሚመጣው ጨለማ መንገድ፣ የመጠጥ ቤት ደጃፍ፣ አዝራሩ ሲነካ «ቀጭ» ብሎ የሚፈናጠር ስለትና የሰፈር ዱርዬ ነው። ሰንጢ ያዘ የተባለ ጎረምሳ ምን ሊቆርጥበት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ማንን ሊወጋበት እንደሆነ ነው። ቢላዋ የወጥ ቤት፣ ካራ የሥጋ ቤት፣ ጩቤ የወገብ፣ ምላጭ የጠጉር ቆራጭ ሆነው በየቤታቸው ሲከበሩ፣ ሰንጢ ብቻውን ቤት አጥቶ ቀርቷል። ቤቱ ኪስ ነዋ! ኪስ ደግሞ የተሰወረ ቦታ ነው።

ይህ ክፉ ስም ግን ለዕቃው የሚገባ አይመስለኝም። በአገራችን ስለት ከሰው ኑሮ ጋር ሳያሸብር የኖረባቸው ሁለት ሥፍራዎች አሉ። አንደኛው የቁም ጸሐፊው ጎጆ ነው። ቁም ጸሐፊ ከቀለም ቀንዱና ከመቃ ብዕሩ ጋር ስል ካራ አይለየውም ነበር። መቃው በስለት ተቀርጾ፣ ጫፉ ተሰንጥቆ ካልተሰናዳ ፊደል አይወርድም፤ የተሳሳተውም ፊደል ከብራናው የሚነሣው በስለት ተፍቆ ነው። ይህን ያህል ዘመን የተረከብናቸው መጻሕፍት የብዕር ብቻ ሳይሆኑ የካራም ሥራ ናቸው። ሁለተኛው ሥፍራ የቁርጥ ገበታ ነው። እያንዳንዱ ቢላውን ጨብጦ፣ ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ስለቱን ከከንፈሩ ሥር ሲያሳልፍ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ወንበሩን ሸሸት አያደርግም፤ እንዲያውም ጉርሻ ይጠብቃል። እንግዲህ ሰውን የሚያስፈራው ስለት ራሱ አይደለም ማለት ነው። የሚያስፈራው ለምን እንደ ወጣ የማይታወቅ ስለት ነው።

የሱዳን ሰው ለዚህ ጉዳይ የራሱ የቆየ መልስ አለው። በሰሜንና በምሥራቅ ሱዳን ወንዶች ቢላዋቸውን በኪስ አይሸሽጉም፤ በግራ ክንዳቸው፣ ከክርን ከፍ ብሎ፣ በቆዳ ማሰሪያ ይታጠቁታል። የጀላቢያው ሰፊ እጅጌ ይሸፍነዋል፤ ክንድ ሲነሣ ግን ሁሉም ያየዋል። ቀጥቃጩ ስለቱን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ያወጣዋል፤ ሰገባው የቆዳ ሠራተኛ ጥበብ ይታይበታል። እኔ ይህን ቢላዋ ከሥነ ጥበብ ወገን ካየሁት፣ ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ከወጡት ከብዙዎቹ የሚበልጥ ውበት አለው እላለሁ። ዋናው ቁም ነገር ግን ውበቱ አይደለም። ክንድ ላይ የታሰረ ቢላዋ ስለ ባለቤቱ ይናገራል፤ ይህ ሰው የዚህ አገር ልጅ ነው፣ አባቱም እንዲህ ታጥቋል፣ ይላል። የሚታጠፈውን ደግሞ «ማጥዋ» ይሉታል፤ ቃሉ በዐረብኛ ማጠፍ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ስሙም ከእኛው ሰንጢ ስም እምብዛም የተሻለ አይደለም።

እንግዳ የሆነ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ሐበሻ ተነሥቶ ክንዱ ላይ ቢላዋ ቢያስር፣ መጀመሪያ ይሳቅበታል፤ ቀጥሎም ይጠየቃል። የሚታየው ቢላዋ ለባለ አገሩ ሲሆን ለስደተኛ የሚቀረው የተሰወረው ነው። የምርጫው ጭንቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ካፉሪ ከዓባይ ብዙ ሳይርቅ በባሕሪ ምሥራቃዊ ወገን የሚገኝ የባለጸጎች ሰፈር ነው። ስሙን የወረሰው በቦታው እርሻ ከነበረው ከነጋዴው ከአዚዝ ካፉሪ ነው። በእኔ ዘመን ግን እርሻው ተረስቶ፣ በቁጥር የተከፈሉት ብሎኮች በቪላና በግንብ አጥር ተሞልተው ነበር። ሐበሾች በዚያ የምንበዛው በቤት ባለቤትነት አልነበረም፤ ምግብ አብሳይ፣ ልጅ አሳዳጊ፣ ሾፌር፣ አትክልተኛ፣ ዘበኛ ሆነን ነው። በሰው ቤት የሚኖር ሰው የራሱ መሳቢያ የለውም። የወጥ ቤቱ ቢላዎች የእመቤቲቱ ናቸው፤ ከነቁጥራቸው ይታወቃሉ። በዓርብ የዕረፍት ቀን ማንጎ ገዝቶ ጥላ ሥር ለሚቀመጥ፣ ከአገር ቤት የመጣ የበርበሬ ጥቅል ለሚፈታ፣ የሻንጣ ገመድ ለሚቆርጥ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ሰንጢ የግሉ ንብረት ከሚላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው በሰው ቤት ያልኖረ ነው።

በዚያው ልክ ደግሞ ካርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ «ከሻ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ የውጭ ዜጋ ወረቀቱ የሚፈተሽበት ድንገተኛ አፈሳ ነው። በከሻ ጊዜ ኪስ ይገለበጣል። ያን ጊዜ በሰንጢውና በፈታሹ መካከል የሚደረገውን ንግግር ባለቤቱ አይካፈልም፤ ቋንቋውም አይበቃውም፤ ሰንጢው ራሱ ነው የሚናገረው። የእኔ የመጀመሪያ ሰንጢ ምን እንደ ተናገረብኝ አስታውሳለሁ። ጥቁር ነበር፤ ወፍራም፤ በአውራ ጣት ተገፍቶ በአንድ እጅ የሚከፈት፤ ከገበያ በርካሽ የተገዛ። የፈተሸኝ ሰው አውራ ጣቱን ሲያሳርፍበት ስለቱ ያለ ድካም ወጣ። ቀና ብሎ አየኝ። ብርቱካን ልላጥበት ነው ብል ያምነኝ ነበር? እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን አላምንም። ወረቀቴ የተሟላ ስለ ነበር ያን ከሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ዋልሁና ተለቀቅሁ፤ ሰንጢው ግን እዚያው ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰንጢ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ሆነ፦ ይህ ዕቃ እኔ ዝም ብል ራሱን ማስረዳት ይችላል?

በዚህ ሚዛን ብዙ የተደነቁ ሥራዎች ይወድቃሉ። የአሜሪካው ስፓይደርኮ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ እጀታው ላይ ኪስ የሚቆነጥጥ ክሊፕ ያለው ሰንጢ ሲያወጣ የዕቃውን ታሪክ ለውጦታል። አንድ እጁ ገመድ ይዞ በሌላው መቁረጥ ለሚያስፈልገው መርከበኛ ወይም መሰላል ላይ ለወጣ ሠራተኛ እጅግ ብልህ ፈጠራ ነው፤ ይህን የሚክድ አይኖርም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ብልሃቱን ትተው ፍጥነቱን ወረሱ፤ ጥቁር ቀለም ተቀቡ፤ ስማቸውም ሁሉ የአራዊትና የጦር ስም ሆነ። አሁን ለዘወትር የሚመከሩት ሰንጢዎች አብዛኞቹ ብርቱካን ለመላጥ ሳይሆን ጠላት ለመጠበቅ የተሰናዱ ይመስላሉ። ብረታቸው ምርጥ ነው፤ ብረቱን የሚያነጻጽሩ ሰዎችም የካርቦኑንና የክሮሙን መጠን ይዘረዝሩልናል። የሰውን ዓይን ግን ማንም አይለካም።

ቀዩ የስዊስ ሰንጢ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ካርል ኤልዜነር እ.ኤ.አ. በ1884 በሽቪትስ አውራጃ፣ ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያውን ከፈተ። በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ የመኮንኖች የተባለውን ቀለል ያለ ሰንጢ ሰኔ (ጁን) 12 ቀን 1897 በሕግ አስመዘገበ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የሚባለው ስም የተገኘው ቪክቶሪያ ከምትባለው ከእናቱ ስምና የማይዝግ ብረትን ከሚያመለክተው ቃል ነው። ከወታደር ቤት የመጣ ሰንጢ እንዲህ የዋህ ሆኖ መታየቱ ይገርማል። ቀይ ቀለሙና ነጭ መስቀሉ በዓለም ዙሪያ ታውቀዋል፤ መቀሱና ጥርስ መጎርጎሪያው «እኔ የቤት ዕቃ ነኝ» ይላሉ። ለመክፈት ሁለት እጅና ጥፍር ይጠይቃል። ከሞላው በስተቀር ስለቱን የሚቆልፍ ነገር የለውም። በእኔ ሚዛን ከፍ ብሎ መቀመጥ የሚገባው እርሱ ነበር።

ነገር ግን ሁለት እንከን አገኘሁበት። አንደኛው የአቧራ ጉዳይ ነው። ሃቡብ የሚባለው የካርቱም የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ቡናማ አድርጎ ሲመጣ በር ተዘግቶ እንኳ ትራስ ውስጥ ይገባል። በየንብርብሩ ስንጥቅ ያለው የስዊስ ሰንጢ የአቧራ ጎተራ ይሆናል፤ ሲከፈት ይንገጫገጫል፤ መታጠብና ዘይት መቀባት ይፈልጋል። ሁለተኛው እንከን የሚያስቅ ነው፤ ለእኛ ግን ሁልጊዜ አያስቅም። የመኮንኖቹ ሰንጢ ጀርባ ላይ የወይን ጠርሙስ ቡሽ የሚስብ ጥምዝምዝ አለ። ሱዳን ከመስከረም 1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መጠጥ የተከለከለባት አገር ነበረች፤ ሙስሊም ላልሆኑት የተፈቀደው በ2020 በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ነው። በእነዚያ ዓመታት አረቂ ትሸጣለች ተብላ የተጠረጠረች ሐበሻ ሴት በዚያ ከተማ ምን እንደምታይ የሚያውቅ ያውቃል። እንግዲህ ስለቱ ንጹሕ የሆነው ሰንጢ በቡሽ መክፈቻው ይከሰሳል! ለሾፌር ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «ጥምዝምዙን በጉጠት ቆርጬ ጣልሁት እኮ፣ ወንድሜ» ብሎ የተጎመደውን ጀርባ አሳየኝ። ከመኮንን ማዕረጉ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለባለቤቱ ግን እንዲያ ይሻለዋል።

ለአፍሪካ ተብለው ስለ ተሠሩት ጥቂት ልበል። ኦካፒ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን አገር ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች መሸጫ ተብሎ መሠራት የጀመረ ነው፤ በ1988 ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። እጀታው ላይ ጨረቃና ኮከብ አለ፤ ስለቱ ረጅምና ሹል ነው። የፈረንሳዩ ዱክ ዱክ ደግሞ በ1929 በቲዬር ከተማ የተሠራው ለፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ታስቦ ሲሆን፣ ብዙ ገዢ ያገኘው በሰሜን አፍሪካ ሆነ፤ በአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ጊዜም ስሙ ከደም ጋር ተያያዘ። ሁለቱም ርካሽና ጠንካራ የድሀ ዕቃዎች ናቸው፤ የገበሬና የእረኛ ኪስ ውስጥ በሐቀኝነት ሠርተዋል። የሚያሳዝነው፣ በቀጭንነታቸውና በሹልነታቸው ምክንያት ሐቀኝነታቸው ከኪስ ሲወጡ አይታይም።

እኔ በመጨረሻ የያዝሁት ኦፒኔል ነው፤ 6 ቁጥሩ። ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ዮሴፍ ኦፒኔል የሚባል የአንጥረኛ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቯ ተራሮች ለአካባቢው ገበሬዎች ሠርቶ ያወጣው ሰንጢ ነው፤ ኋላም ከ1 እስከ 12 በቁጥር ተከፈለ። የ6 ቁጥሩ ስለት ከ7 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የሚያስደንቀው የዕቃው ድህነት ነው፦ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ችንካር፣ አንድ የብረት ቀለበት፤ ከ1955 ወዲህ ደግሞ ስለቱን ለመቆለፍ የሚዞር ሁለተኛ ቀለበት። ሞላ የለውም። እንጨቱ የማንኪያ እጀታ ይመስላል። ለመክፈት ሁለት እጅ፣ ለመቆለፍም ሌላ ምልክት ያለው እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ በቁጣ የተነሣ ሰው ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቁጣው ይበርድለታል። የያዝሁት ዝገትን የማይችለው የካርቦን ብረት ነው። ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል፤ ቀይ ሽንኩርት ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ በሁለት ወር ውስጥ የበላሁትን ሁሉ በገላው ላይ ጻፈው። ይህን ብዙዎች እንደ ነውር ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። አንድ ማታ በፍተሻ ጊዜ የመረመረው ሰው ከፍቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋውና «በሰል» አለ፤ ሽንኩርት ማለቱ ነው። መለሰልኝ።

መሳልም አያስቸግርም። የጀበና ቡና በሚጠጣበት ቤት ሞረድ አይፈለግም፤ ሲኒውን ገልብጦ ቀለም ያልነካውን የቂጡን ክብ ማግኘት በቂ ነው፤ ስለቱን አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ቢያመላልሱበት ይመለሳል። አቧራ ሲገባበት በውኃ ይለቀለቃል፤ ነገር ግን እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስለቱን እንደ ግትር በቅሎ አልለቅም ይላል፤ በክረምቱ ወራት ጥቂት ቀናት እንዲህ አስቸግሮኛል። በበጋው ንዳድ ደግሞ እንጨቱ ይሟሽሽና ስለቱ ይላላል። እንከን የለሽ ነው አላልሁም።

ትልቁ ክርክር ግን በመቆለፊያው ላይ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ሕግ ያለ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የሚታጠፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ነው፤ ስለቱ የሚቆለፍ ከሆነ ግን ከታጣፊ አይቆጠርም። ለእነርሱ የሚቆለፍ ስለት ለመውጋት የተዘጋጀ ነው። በዚህ ዓይን የእኔ ኦፒኔል በርዝመቱ ድኖ በቀለበቱ ይወድቃል። ከክርክሩ በተቃራኒ የቆመችው በአንድ ቪላ ምግብ የምታበስል የጎንደር ሴት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። የእርሷ ሰንጢ ከገበያ የተገዛ፣ ላስቲክ እጀታ ያለው የፍራፍሬ ሰንጢ ነበር። ስለ ብረትና ስለ ቀለበት ስተነትን ሰምታ፣ «አንተ ልጅ፣ ስለ ሰንጢ ስታወራ የሙዚየም ዘበኛ ትመስላለህ። ማንጎው ተላጠ? ተላጠ። በቃ!» አለችኝ። ልክ ናት ልል ነበር። ግን ሌባ ጣቷ ላይ ከአንጓው በታች ነጭ ጠባሳ አለ፤ መቆለፊያ የሌለው ያ ሰንጢ የዱባ ልጣጭ ሲገፋ ተመልሶ የታጠፈባት ነው። ሳምንት ሙሉ በአንድ እጇ የሰው ቤት አብስላለች፤ ዕረፍት የሰጣት የለም። ሕግ አውጪው መቆለፊያን ሲያይ የሚወጋውን ሰው ያስባል፤ የሚሠራውን ሰው ጣት አያስብም። እኔ ከጣቷ ጋር ነኝ።

ምርጫዬን የፈተነው ግን ሕግም ክርክርም አልነበረም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ ካፉሪ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዛት በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። እኛ ወደ መተማ ለመውጣት ስንሰናዳ ከሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር አንድ ነበር፦ ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ። በየኬላው የቆመው ልጅ ክላሽ ይዟል፤ የሚፈልገው ስልክና ገንዘብ ነው፤ ሰንጢ ያገኘበትን ሰው ግን ወታደር ነህ ሊለው ይችላል። እዚህ ላይ ሚዛኔ ሁሉ ተሰበረ። ሽንኩርት የሚሸተው ስለት፣ የማንኪያ መሰሉ እጀታ፣ ሁለት እጅ የሚጠይቀው ቀለበት፣ ማንበብ የማይፈልግ ሰው ፊት ምን ይናገራሉ? ራሱን የሚያስረዳ ዕቃ የሚሰማ ሰው ይፈልጋል።

ከብሎካችን ማዕዘን ላይ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ነበረች። ካርቱም የእነዚህ የሻይ እመቤቶች ከተማ ነች፤ ከሰል፣ ዝቅ ያሉ የጠፍር በርጩማዎች፣ ቅመም የሞላባቸው ጠርሙሶችና አንዲት ሳጥን። በዚያን ሰሞን ደንበኛ ጠፍቶ እንኳ ሁለት ጠዋት እሳት አንድዳ አይቻታለሁ። በምንወጣበት ጠዋት ሰንጢውን ሰጠኋት። በእጇ አልተቀበለችኝም፤ በእኛም ቤት ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፣ ሳጥኑ ላይ አኖርሁላት። ከፈተችው፤ ቀለበቱን ሳላሳያት አዞረችው፤ ዝንጅብል አንሥታ በስሱ ከተፈችና ከነዕናዑ ቅጠል ጎን አስቀመጠችው። የሻዩን ዋጋ ልከፍል ስል እጄን መለሰችው።